ስለ ወደድነው ነገር ያለብን ዕዳ

ሰው አንድን ነገር በመውደዱ ብቻ በዚያ ነገር ላይ መብት ያገኛልን? ወይስ መውደድ የሚያመጣው ዕዳን ነው? ጥያቄው ሲሰሙት የመጻሕፍት ጥያቄ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በዛሬው ጊዜ በአዲስ አበባ ከሥራው ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ሁሉ በየመንገዱ የሚያጋጥመው ጕዳይ ነው። እኛም ነገሩን ከሜክሲኮ አደባባይና ከአካባቢው ተነሥተን ልንመረምረው ወደድን።

ሜክሲኮ አደባባይ ራሱ የዕዳ መታሰቢያ ነው። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ያዝሁ ባለች ጊዜ፣ ይህን አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ውለታዋ በከተማችን በአደባባይ ስም ተጻፈ፤ በእነርሱም ዋና ከተማ በአንጻሩ የኢትዮጵያ አደባባይ ይገኛል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር የእኛው አደባባይ የቀድሞ መልኩን ለቆ ነበር፤ ስሙ ግን አልተነካም። ከዚህ ተነሥቶ አንድ ሰው፣ «እንግዲያውስ ግንቡ ቢፈርስ ምን አለበት? ስሙን መጠበቅ አይበቃምን?» ቢለን የሚከብድ ጥያቄ ጠየቀን ማለት ነው። ኋላ እንመለስበታለን።

ከሜክሲኮ ጥቂት እንደ ተራመዱ ብሔራዊ ቴአትር ይገኛል። ይህ ቤት በኢጣልያኖች ዘመን ሲኒማ እንዲሆን ታስቦ የተጀመረ ሲሆን፣ በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ በዓል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። ከእርሱ ጋራ አምባሳደር፣ በፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር፣ በመርካቶ በኩል ሲኒማ ራስ ለአንድ ትውልድ የከተማው የምሽት ካርታ ነበሩ። ፊልም ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሕዝቡ የማሳያውን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበር የታወቀ ነው። ያ የተፈራ ነገር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ወላጅ ልጁን በበዓል ቀን የሚወስድበት ቤት ሆነ፤ ሰይጣንም ቢሆን ይለመዳል ማለት ነው። በእነዚያ አዳራሾች ውስጥ የመቀመጫው ዋጋ ሰውን ይለያይ ነበር፤ ጨለማው ሲወርድ ግን ሹሙም፣ ተማሪውም፣ ሊስትሮውም በአንዱ ነገር አብረው ይሥቁ፣ በአንዱ ነገር አብረው ይደነግጡ ነበር። ከማያውቁት ሰው ጋራ አብሮ መደንገጥ ቀላል ትምህርት አይደለም።

እነዚህን ቤቶች ያዳከማቸው ማን ነው? ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ጣቱን ወደ ዶዘሩ ይቀስራል። ለእኛ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አልታየንም። አስቀድሞ የቪዲዮ ካሴት መጣ። በ1990ዎቹ ዓመታት እንደ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ የአማርኛ ፊልሞች ሰልፉን መልሰውት ነበር፤ በገበያ ሕንፃዎች ውስጥም አዳዲስ አዳራሾች ተከፈቱ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አድርጎ ወደ ሳሎን አስገባ። ቀጥሎም የእጅ ስልኩ ሁሉን ጠቀለለው። ስለዚህ ወንበሩ ከመነሣቱ በፊት ባዶ ሆኖ ከርሞ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ትኬት ሳይቈርጥ የኖረ ሰው ሲኒማ ቤት ሲዘጋ ቢያለቅስ ዕንባው የሐሰት ነው አንልም፤ ለማን እንደሚፈስ ግን መጠየቅ ይገባል። ምናልባት የሚያለቅሰው ለገዛ ወጣትነቱ ይሆናል፤ ወጣትነትን ደግሞ ማንም ማዘጋጃ ቤት አፍርሶበት አያውቅም።

የካዛንቺስ ነገር ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። ስሙ የመጣው ኢጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም ነው፤ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ስንሰማ ፈገግ ብንል አይፈረድብንም። በኋላ ዘመን ሰፈሩ የአዝማሪ ቤቶች ሰፈር ሆነ። ከእነርሱም አንዱ ፈንድቃ በእስክስታ ተጫዋቹ በመላኩ በላይ መሪነት አዝማሪውን፣ ጃዙን፣ ሠዓሊውን ከአንድ ጣራ ሥር ያሰባሰበ ቤት ነበር፤ አንድም ትልቅ ድርጅት ከኋላቸው የሌላቸው ሙዚቀኞች መድረክ የሚያገኙበት ቦታ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተጀመረው የማፍረስ ሥራ በ2017 ዓ.ም. ወደ ካዛንቺስ ደረሰ፤ ፈንድቃም ከሰፈሩ መነሣት ግድ ሆነበት።

በዚህ ስፍራ ፍቅራችንን በሚዛን ማስቀመጥ አለብን። በሳምንት አንድ ሌሊት ዘፈን ሊሰማ የሚመጣ ሰው ፍቅርና ክረምት በገባ ቍጥር ጣራው በሚያፈስ የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ችግር እኩል ሊመዝኑ አይችሉም። መጸዳጃ ለአምስት ቤተሰብ አንድ በሆነበት ግቢ ፊት ቆሞ «ይህ ቅርስ ነው፤ አይነካ» ማለት ለሚናገረው ይቀለዋል፤ ወደ ሌላ ሰፈር ይመለሳልና። ሆኖም ነዋሪውን ራሱን ብንጠይቀው መልሱ እንደምንገምተው አጭር አይሆንም። ንጹሕ ቤት ይፈልጋል፤ ዕድሩንና ጎረቤቱንም ይፈልጋል፤ ማታ ማታ ከግድግዳው ማዶ የሚሰማውን ማሲንቆም ምናልባት ከሁላችን ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነው። እንግዲህ አንደኛውን ለማግኘት ሌላውን ሁሉ መተው ግድ ነው ያለው ማን ነው?

የሸክላን ታሪክ ስናይ ደግሞ ሌላ ዐይነት ጥያቄ ይነሣል። በ1940 ዓ.ም. ገደማ በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ለኪነ ጥበባችን የዋለው ውለታ የሚካድ አይደለም። ዳሩ ግን በ1960ዎቹ ዋዜማ፣ የፖሊስና የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራዎች ያፈሩአቸው ድምፃውያን ከተማውን ባናወጡበት ወቅት፣ አዲሱን ዘፈን በሸክላ የሚያትም አልነበረም። በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ትእዛዙን አልፎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀረጸ፤ በውጭ አገር አሳትሞም ሸጠ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችና ዐሥራ ሁለት ያህል አልበሞች አወጣ።

እኛ በመዝገብና በደንብ መካከል የምንውል ሰዎች ትእዛዝ የተላለፈን ሰው ለማመስገን አንቸኩልም። ትእዛዝ በየአንዳንዱ ሰው ፍቅር ልክ የሚጣስ ከሆነ ነገ የሚያፈርሰውም ሰው «እኔም አገሬን ወድጄ ነው» ይላል። ነገር ግን ብቸኛ መብት የሚሰጠው ለጥበቃ ነው፤ ጠባቂ ሆኖ የተሾመው ሳይጠብቅ ቀርቶ ሌላውን ብቻ ቢከለክል የሹመቱ ምክንያት ከየት ይገኛል? አምሃ ደግሞ በስውር አልሠራም፤ የገዛ ስሙን በሸክላው ላይ አትሞ፣ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ቅጣት ቢመጣም በራሱ ላይ እንዲመጣ አድርጎ ነው። ፍቅሩ ወጪ ነበረው። በፍቅር ስም በሚደረግ ነገር ሁሉ ላይ ይህን መለኪያ ብናኖር ብዙው ንግግር ባዶ ሆኖ የሚገኝ ይመስለናል።

ዘመኑ ተለወጠ፤ አምሃም ወደ አሜሪካ ሄደ፤ የሰዓት እላፊ ገደቡ የከተማውን ሌሊት ዘጋው። ያን ጊዜ የተቀረጸውን ኋላ ለዓለም ያሰማው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ አገራችን ድረስ መጣ፤ በ1990 ዓ.ም. ገደማም «ኢትዮጲክስ» የተባለውን ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ማሳተም ጀመረ። «የእኛን ዘፈን ፈረንጅ ለምን ሰበሰበው?» እያሉ የሚቈጡ አሉ። ቍጣው ፍጹም ከንቱ አይደለም፤ ባለቤትነት ራሱን የቻለ ጕዳይ ነውና። የጠባቂነት ክብር ግን መንገዱን ለተጓዘና ዋጋውን ለከፈለ ነው።

አሁን ወደ ተውነው ጥያቄ እንመለስ። ስም በቃል ይሸከሙታል፤ ዘፈንም አንድ ሸክላ ከተረፈ እንደገና ይታተማል። አዳራሽ ግን አይታተምም። በ2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል ቃጠሎ ጃዝአምባን ሲበላው ዘፈኖቹ አልጠፉም፤ የጠፋው ተጫዋቹና አድማጩ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ቦታ ነው። እንደ ሚካኤል ሰይፉና እንደ እንደገና ሙሉ ያሉ የዘመናችን ወጣቶች በኮምፒውተር የአገራችንን ዜማ ከአዲስ ድምፅ ጋራ አዋሕደው ሠርተዋል፤ ሥራቸውም ባሕር ማዶ ተሰምቷል። እነርሱን የሚከተሉት ከሜክሲኮ በእግር በሚደረስበት ስፍራ የሚጫወቱበት ቤት ባይኖራቸው የሚወቀሰው ማን እንደሚሆን እያንዳንዱ አንባቢ ይመልከተው።

ለእኛ ለባለ ቢሮዎቹ ከዚህ ሁሉ የሚተርፈን ሥራ ትንሽ ነው። የአንድ አሮጌ አዳራሽ መዝገብ ለፊርማ ጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ፣ ቤቱ ተለክቶ ፎቶግራፉ ተነሥቶ እንደ ሆነ፣ የፊልም ማሽኑን ያንቀሳቅስ የነበረው ሽማግሌ ቃሉን ሰጥቶ እንደ ሆነ፣ በዚያ ይጫወቱ የነበሩት ሰዎች በየት እንደሚገቡ መጠየቅ ይቻላል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሳምንት አያልፍም። ፊርማው አንድ ሳምንት ቢቈይ የሚያማርር አለቃ ይኖር ይሆናል፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት ግን የለመድነው ሥራ ነው።