ዕረፍቱ የማን ነው?

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፣ አቅም ያላቸው የሶዶ ቤተሰቦች ለዕረፍት ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አርባ ምንጭ ሐይቆች መሄዳቸው መልካም ነው። ለጊፋታ በዓል የበሬና የቅቤ ገንዘብ አስቀድሞ ማጠራቀም የለመደ ሕዝብ ለጉዞ መቆጠብ አይቸግረውም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ምግብ ልታበስልና ሕፃን ልትጠብቅ አብራ የምትሄደው የቤት ሠራተኛስ መቼ ታርፋለች? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ ቢያንስ 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ሲሰጥ፣ እርሷን አላካተተም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 ግን የሰንበትን ዕረፍት ሲያዝ ገረዲቱን፣ እንግዳውን፣ ከብቱንም ሳይቀር ይጠራል። (እናት ለብቻዋ አልተጠራችም፤ በሐይቅ ዳርም ቢሆን ድስቱ አይለቃትም።) እንግዲህ፣ ውድ አንባብያን፣ የመኪናው ኪራይ ከመከፈሉ በፊት ልጅቱ ወላጆቿን የምትጠይቅባቸው ቀናትና የመሳፈሪያዋ ገንዘብ አብረው ይታቀዱ።