ዋጋ ያጣ ነገርና ዕዳው

በመርካቶ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው ምናለሽ ተራ፣ የሚጣል ዕቃ እምብዛም የለም። ያረጀ በርሜል ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ ያለቀ የመኪና ጎማ ተቀዶ በረባሶ ይወጣዋል፤ የዘይት ቆርቆሮና የተጣመመ ሚስማር እንኳ እየተቃና ለሁለተኛ ሥራ ይሰለፋል። በየሰፈሩ «ቆራሌዎ!» እያሉ የሚዞሩት ሠራተኞች ከየደጃፉ የገዙትን ተሸክመው ወደዚህ ያመጣሉ። ይህን ልማድ ያስተማራቸው የአካባቢ ጥበቃ ዐዋጅ አይደለም፤ የተጣለው ነገር ገዢ ያለው መሆኑ ነው።

በዚያው መንገድ ላይ ግን ፌስታል ከእግር እግር እየተንከባለለ ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ጎንበስ ብሎ የሚያነሣው የለም። የሃይላንድ ጠርሙስም ቢሆን ያው የላስቲክ ዘር ነው፤ ነገር ግን በኪሎ የሚረከብ ነጋዴ ስለ ተገኘለት ለቃሚ አላጣም። ጠርሙሱን አንሥቶ ፌስታሉን ትቶ የሚያልፈው አንድ ሰው ነው። ስለ ከተማ ጽዳት በተነገረ ቁጥር የኅብረተሰቡን ንቃተ ሕሊና መውቀስ የተለመደ ሆኗል፤ ምናልባት ወቀሳ ምንም ስለማያስከፍል ይሆናል።

ለመሆኑ ዋጋ የሌለው ነገር ወጪም የለውምን? ፌስታሉ የደፈነው ቦይ በክረምት ጎርፉን ወደ ድኻው ቤት ይመልሰዋል። ያልተደፈነው ቦይ ደግሞ ጉድፉን ወደ አቃቂ ወንዝ ገባሮች ይወስዳል፤ በወንዙ ዳር አትክልት የሚያለማው ገበሬ በዚያ ውሃ ያጠጣል፤ ጎመኑም ዞሮ ከተሜው ገበታ ላይ ይቀርባል። ከከተማው በመኪና የሚጫነው ቆሻሻ ለዐሥርተ ዓመታት የተከመረው ረጲ፣ ቆሼ ላይ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል በግርጌው ጎጆ ቀልሰው፣ ከክምሩ ለቅመው የሚያድሩ ነበሩ። በየሱቁ ሲሸጥና ሲገዛ ያልተከፈለው ሒሳብ የተጠየቀው ከነዚህ ነው።

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አርተር ፒጉ እ.ኤ.አ. በ1920 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጉዳይ መርምሯል። ሻጭና ገዢ ተስማምተው ሲለያዩ፣ በስምምነቱ ያልነበረ ሦስተኛ ወገን ጉዳቱን የሚሸከምበት ጊዜ አለ፤ መንግሥት በጉዳቱ ልክ ግብር ቢጥል ዋጋው እውነቱን መናገር ይጀምራል ሲል ያስረዳል። ካርል ማርክስም እ.ኤ.አ. በ1875 ዓ.ም. በጎታው ፕሮግራም ላይ በጻፈው ሂስ፣ የሀብት ምንጭ ሥራ ብቻ ሳይሆን ተፈጥሮም ጭምር መሆንዋን አስገንዝቧል። ሁለቱ በሌላው ሁሉ ቢራራቁም፣ ምድርና ውሃ ከሒሳቡ ውጭ እንዲቀሩ አልፈቀዱም።

እርግጥ፣ ከፋይ ሁሉ የመበከል መብት ገዛ ማለት ነውን የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ለቆሼ ሟቾች ቤተሰብ ካሣ መስጠት ይቻላል፤ የሟቾቹን ዋጋ መተመን ግን አይቻልም። ስለዚህ ሕይወት የሚቀጥፈው ነገር መከልከል አለበት እንጂ ግብር አይጣልበትም። የፌስታሉ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ 15 ሳንቲም ብትጥል፣ አጠቃቀሙ ከመቶ 90 እጅ በላይ ቀነሰ።

በኢትዮጵያ የ1999 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ከረጢት ከለከለ፤ ፌስታል ግን ከገበያ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ከረጢቱን በጠቅላላ የሚያግድ ሕግ አጸደቀ። እዚህ ላይ የጉልቷን እናት ማሰብ ይገባል። ለሽንኩርቷ መቋጠሪያ ሌላ ርካሽ ነገር ካልቀረበላት፣ የሕጉን ወጪ የምትከፍለው እርሷ ትሆናለች። ዘንቢል ቀድሞም ነበረ፤ ከገበያ ያስወጣው የፌስታል ርካሽነት ነው። ርካሽ ያደረገውም ቀሪውን ቦዩ፣ ገበሬውና ቆሼ ስለ ከፈሉለት ነው።

ፌስታል ከእንግዲህ ባይመረት እንኳ እስከ ዛሬ የተበተነው በየቦዩ አለ። ቆራሌው እንዲለቅመው ከተፈለገ በኪሎ ሊከፈለው ይገባል። አንድ ኪሎ ለመሙላት በመቶ የሚቆጠር ፌስታል ስለሚያስፈልግ፣ ክፍያው ከጠርሙሱ ከፍ ካላለ ማንም ጎንበስ አይልለትም፤ ልዩነቱንም መሸፈን ያለበት እስከ ዛሬ ፌስታሉን አምርቶና አስመጥቶ ያተረፈው ነው።