ከማሳው በታች ያለው የማን ነው?

አራዳ ውስጥ ቤት ሲሸጥ ውሉ የሚያወራው ስለ ቤቱ ነው፤ ዋጋውን የሚሰቅለው ግን ቦታው እንደሆነ ደላላውም፣ ሻጩም፣ ገዢውም ያውቃሉ። ግድግዳው የተሰነጠቀ፣ ቆርቆሮው የዛገ ቤት በብዙ ገንዘብ የሚሄደው ለዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የገጠርም የከተማም መሬት፣ የተፈጥሮ ሀብቱም ሁሉ የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ታዲያ ላዩን መሸጥ ያልተፈቀደለት ሰው ታቹን ለራሱ ማስቀረት ይችላል? በሕጉ አይችልም። ሕጉ ልክ ነው ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ መሬቱን የሚሸጥ ገበሬ «ነዳጁና ጋዙ ለእኔና ለወራሾቼ ይቅር» ብሎ በውሉ ማስፈር ይችላል። ላዩ ለገዢው ይሆናል፣ ታቹ ሻጩ ዘንድ ይቀራል፤ ኩባንያ ገብቶ ሲያወጣ ከምርቱ ድርሻ ይከፈለዋል። እንዲያውም የታቹ ባለመብት ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል በላዩ መጠቀም ስለሚችል፣ የሚያርሰው ሰው በደፈናው እምቢ ማለት አይችልም።

እንዲህ ያለ መብት ከምን ይመነጫል? ከድካም የሚሉ አሉ። ለማሳው እውነት ነው፤ ድንጋይ ለቅሞ፣ እርከን ሠርቶ ያለማው ገበሬ አለ። ለታቹ ግን አይሆንም። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ፣ ጭልጋ ላይ፣ የጓንግ ወንዝ በቆረጠው ገደል የድንጋይ ከሰል ንብርብር ይታያል። በአካባቢው የተገኘው የጥንት ዝሆን ዘመዶች ቅሪተ አካል 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ያን ከሰል ገበሬውም መንግሥትም አልሠሩትም። ማንም ያልደከመበትን ነገር ከላዩ ስለተገኙ ብቻ የእኔ ማለት ዕድልን መብት ማድረግ ነው። ስለዚህ የጋራ መሆኑን አምኜ እቀበላለሁ። የ1948ቱ የንጉሡ ሕገ መንግሥት ከርሰ ምድሩን የመንግሥት አደረገ፤ የደርግ የ1967 አዋጆች ላዩን ጨመሩበት፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሁለቱንም አጸና። በሌላ ነገር የማይገናኙ ሦስት መንግሥታት እዚህ ላይ ተገናኝተዋል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ጥቅሙ የጋራ ከሆነ ጉዳቱም የጋራ ሊሆን ይገባ ነበር፤ ጉዳቱ የሚያርፈው ግን አንድ ቤት ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱን ለዘለቄታው ለቆ ተተኪ መሬት ያላገኘ ገበሬ፣ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ይደነግጋል። ከዚህ በፊት ብዜቱ 10 ነበርና መሻሻሉን አልክድም። ስሌቱ የሚያየው ግን ጤፉንና ኑጉን ብቻ ነው። ቁፋሮው 30 ዓመት ቢዘልቅስ? ገበሬው በይዞታ ደብተሩ ማሳውን ማከራየት፣ ማውረስ፣ በስጦታ መስጠት ይችል ነበር፤ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ የሚደርሰው ልጅ ምን ይወርሳል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 ከትላልቅ ማዕድን፣ ከነዳጅና ከጋዝ የሚገኘውን ግብርና ሮያሊቲ ለፌዴራልና ለክልል በጋራ ሲሰጥ የባለማሳውን ስም አያነሳም። የካሉብ ጋዝ ባለበት የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የግጦሽ መሬት የወል ነውና ካሣውን በማን ገቢ ያሰሉታል?

በአንድ መሬት ሁለት መብት መደራረቡ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ድሮ ርስተኛው ያርሳል፣ ለልጆቹም ያወርሳል፤ ጉልተኛው ግብር ይቀበላል። ጉልት ብዙ በደል ያለበት ሥርዓት ነበር፤ ይመለስ የሚል የለም፣ እኔም አልልም። ሆኖም ጉልተኛው ሲሻርና ሲለወጥ ርስተኛው ከነዘሩ እዚያው ይቆይ ነበር። የአንዱ መብት መምጣት የሌላውን መብት አያጠፋም ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ከርሰ ምድሩ የሕዝብ ይሁን፤ ባለይዞታው ግን ከካሣው በተጨማሪ፣ ቁፋሮው እስካለ የሚዘልቅና ለልጆቹ የሚተላለፍ ድርሻ ይኑረው። ቁፋሮው ሲያበቃም ጉድጓዱ ተሞልቶ፣ አፈሩ ተመልሶ፣ መሬቱ ለእርሱ ወይም ለወራሾቹ ይሰጥ። ሕግ አውጪዎች ይህን ከሥራ ፈቃዱ በፊት በሕግ አስፍሩት፤ ማሳው ከተቆፈረ በኋላ የሚመጣ ሕግ ለጭልጋ ገበሬ አይደርስለትም።