የበለዘ ጥርስ የማን ነውር ነው?

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው፤ ሆድ እያረረ ጥርስ ይስቃልና። ለወንጂ፣ ለመተሐራና ለዝዋይ አካባቢ ልጆች ግን አባባሉ እምብዛም አይሠራም። የእነሱ ጥርስ ገና ሲገለጥ ያደጉበትን ውሃ ይናገራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ዐለት መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ ይሸከማል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚህ ያልፋሉ። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት በልጅነት ዘመን ይህን ውሃ እየጠጣ ያደገ ሰው፣ ጥርሱ በልዞ ይወጣል። መፋቂያም ሆነ ቡሩሽ አያስለቅቀውም። ጥርሱን ጨርሶ ካበቀለ በኋላ እዚያ ሄዶ የኖረ እንግዳ ግን በዚያው ውሃ አይበልዝም።

የወንጂ ልጅ የሆነ አንድ ወዳጄ ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል። ያየው ሁሉ ጫትና ሲጋራ ይቆጥርበታል፤ እሱ ሁለቱንም ቀምሶ አያውቅም። ሰሞኑን «በሌዘር ላስነጣው አስቤአለሁ፤ ራስን መካድ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ።

ሌዘር የሚለው ስም ያሳስታል። የሚያነጣው ሐኪሙ ድዱን ከሸፈነ በኋላ ጥርስ ላይ የሚቀባው፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበት ጄል ነው፤ ብርሃኑ ጄሉን ለማፋጠን የሚታከል ነው። ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ጥርስን ሊጠዘጥዝ ይችላል። ቀላል ብልዘት ይፈካ ይሆናል፤ የጠቆረው ግን ላዩን መፋቅ ወይም መሸፈን ይጠይቃል። የነጣውም ቢሆን ከቡናና ከሻይ ጋር እየዋለ እያደር ይደበዝዛል።

«ተፈጥሮህን አትንካ» የሚሉት ሰዎች አይረቱኝም። እናቶቻችን ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ለውበት መድከም የዛሬ ፈሊጥ አይደለም። ብልዘቱንም ውሃ ነው የጻፈበት፤ ወዳጄ ሊያጠፋው ቢሻ ማንን ካደ? «ከቻልክ አስነጣው» አልኩት።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። መልክን አይቶ ባሕርይን የሚፈርደው ዓይን ነው የተሳሳተው፤ ቅጣቱን የሚከፍለው ግን ተከሳሹ ነው። መክፈል የማይችለው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እንደተፈረደበት ይኖራል። ወዳጄ ጥርሱን ሲያነጣ እኛ ከይቅርታ እንገላገላለን፤ ትናንት የጠረጠርነውን ሰው ዛሬ «አማረብህ» ብለን እናልፋለን።

ጉድጓዱ ግን እዚያው ነው። ፍሎራይድን በአጥንት ከሰል ማጣራት፣ ካልሆነም ንጹሕ ውሃ ከሌላ ቦታ መሳብ እንደሚቻል ይታወቃል። ቋሚ ጥርሱን ገና ያላበቀለ ሕፃን ዛሬም ከዚያ ውሃ እየተቀዳለት ነው። ነገ አፉን በመዳፉ ሲሸፍን፣ ማፈር የሚገባው ማን ነው?