ማንም ያላዘዘው ጭነት

ክረምቱ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ የራያን ሜዳ ሲያረጥበው፣ በቆቦ ዙሪያ ከሁሉ ቀድሞ መሬቱን የሚሸፍነው ማሽላም ጤፍም አይደለም፤ ቅንጨ አረም ነው። ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፤ አበባው ደቃቅና ነጭ ነው። ከበቀለ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ያብባል፤ አንዱ ተክል ብቻውን ከ10,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። በባዶ እጅ የሚነቅሉት ሰዎች ቆዳቸው ይቆጣል፣ ያሳክካቸዋል፣ የዓይናቸው ቆብ ያብጣል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት አረሙ በወቅቱ ካልታረመ የማሽላን ምርት ከ40 እስከ 97 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል። ጅጉርቲና ደጋሊት የተባሉትን የማሽላ ዝርያዎች እየዘራ ለኖረ ገበሬ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

የቆቦ ገበሬ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ማስገባት የጥንት ሙያው ነው። የጎሊናና የሆርማት ወንዞች ሲሞሉ፣ በሌላ አገር ጥፋት የሚሆነው ውኃ እዚህ እርጥበትና ለም አፈር ሆኖ ይተኛል። ዛሬ ያው ጎርፍ የአረሙን ዘር ጭምር ይዞ ይገባል። ሰው በረከቱን ከጉዳቱ ለይቶ መቀበል አልቻለም፤ ቦዩ አንድ ነውና።

አረሙ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም። ሳይንሱ ፓርቴኒየም የሚለው ይህ ተክል መነሻው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያለው ምድር ነው። ሕንድ ውስጥ የተስፋፋው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ከአሜሪካ ከተጫነ ስንዴ ጋር እንደገባ በሰፊው ይታመናል። ወደ ኢትዮጵያ የገባበትን መንገድ ተመራማሪዎች በሁለት መልክ ይናገራሉ፦ አንዱ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ጋር፣ ሌላው በረሃቡ ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር። ሁለተኛውን የሚደግፈው፣ አረሙ ቀድሞ ከታየባቸው ስፍራዎች መካከል የእህል ማከፋፈያ ጣቢያዎች አካባቢ መኖሩ ነው። በ77ቱ (1977 ዓ.ም.) ድርቅ ከቆቦ እስከ አላማጣና ኮረም ያለው ሕዝብ እህል ለመቀበል የት እንደተሰበሰበ ዓለም ሁሉ ያየው ነገር ነው።

እርዳታ ንግድ አይደለም የሚል ይኖራል። ልዩነቱ ግን የሚመስለውን ያህል ግልጽ አይደለም። ለአሥርት ዓመታት የአሜሪካ የምግብ እርዳታ የተላከበት ሕግ በ1954 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የተሰጠው ስም «የግብርና ንግድ ልማትና እርዳታ ሕግ» ነበር። ዓላማው የተራበን መርዳት ብቻ አልነበረም፤ ጎተራ የሞላውን ትርፍ ምርት ማንሳትና ለአሜሪካ እህል አዲስ ገበያ መክፈትም ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ትረካ እውነት ከሆነ፣ ወደ ራያ በደረሰው ጆንያ ውስጥ ርኅራኄም ገበያም ነበሩ፤ ከሁለቱም ጋር ማንም ያላዘዘው፣ ማንም ያልሸጠው ዘር።

እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄ እዚህ ላይ ይጀምራል። ማንም ሳያስበው የደረሰ ጉዳት ዕዳ ይሆናል ወይ?

የዓለም አቀፍ ንግድ አስተሳሰብ ለዚህ ጥያቄ ቦታ የለውም። ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ሪካርዶ በ1817 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝን ጨርቅና የፖርቱጋልን ወይን ጠጅ ምሳሌ አድርጎ፣ ሁለቱም አገሮች ቢነግዱ ሁለቱም እንደሚጠቀሙ አስረዳ። ሐሳቡ ዛሬም ጉልበት አለው፤ ቆቦም ሽንኩርቱን ሸጦ ማዳበሪያና ሳሙና የሚገዛው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን በዚያ ምሳሌ ድንበር የሚሻገረው የተገዛው ነገር ብቻ ነው። በጨርቁ እጥፋት ውስጥ የተደበቀ ነፍሳት፣ በበርሜሉ ላይ የተለጠፈ ጭቃ የለም። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሌላው ኢኮኖሚስት አርተር ፒጉ ዋጋ የሦስተኛ ወገንን ጉዳት እንደማያሳይ ተናገረ፤ መፍትሔውም መንግሥት በጎጂው ላይ ግብር እንዲጥል ነበር። በሁለት አገሮች መካከል ግን ከሁለቱም በላይ ሆኖ ግብር የሚጥል መንግሥት የለም።

ከሪካርዶም ከፒጉም ይልቅ ለጥያቄው የሚቀርበው መልስ ያለው ማሳ ዳር ይመስለኛል። በሬ ከጎረቤት ማሽላ ገብቶ ሲበላ፣ ሽማግሌዎች ቆመው የተሰበረውን አገዳ ይገምታሉ፤ የባለበሬውን ልብ አይመረምሩም። «አልላክሁትም» ማለት ከካሳ አያድንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 2071 የሚለው ይህንኑ ነው፦ እንስሳው በድንገት ከእጅ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም፣ ባለቤቱ ተጠያቂ ነው። ይህ ሕግ ባለበሬውን ክፉ ሰው አያደርገውም። የሚለው፣ ከበሬው ጥቅም የሚያገኝ ሰው በሬው የሚያመጣውንም ጉዳት ይሸከም ነው።

ከባድ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። በ77 ያ ስንዴ ባይመጣ ኖሮ ዛሬ አረሙን የሚነቅለው ሰውም ባልኖረ። ይህን የሚያቃልል ሰው ረሃብን አያውቅም። ሆኖም ውለታና ካሳ የሚጻፉት በተለያየ መዝገብ ነው። ጎረቤቴ በሬውን አውሶኝ ባርስበትና ያው በሬ አምልጦ የሌላውን ማሽላ ቢጨርስ፣ ለውሰቱ አመሰግነዋለሁ፤ የማሽላው ባለቤት ግን በእኔ ምስጋና ካሳውን አያጣም። ረሃቡን ሳያይ የተወለደ የዛሬ የቆቦ ልጅ አረሙን ወርሷል፤ በማንም ስምምነት ላይ ግን አልፈረመም።

ይህ ዕዳ ሊከፈል የሚችል መሆኑን የሚያሳይ ታሪክ አለ፤ የሚገርመው በተቃራኒው አቅጣጫ የተፈጸመ መሆኑ ነው። የማሽላ ገበሬያችን ለዘመናት የታገለው አቀንጭራ የተባለ ጥገኛ አረም አንድ ዘመድ አለው። ይህ ዘመድ በ1956 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ካሮላይናዎች የበቆሎ ማሳ ላይ ተገኘ፤ እንዴት እንደገባ በእርግጥ አልታወቀም። በዓመቱ የፌዴራል ኳራንቲን ታወጀ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ወጣበት፤ የተወረረው መሬትም ከቀድሞው እጅግ ትንሽ ወደሆነ ስፋት ወረደ። ገበሬው አልተከሰሰም፣ «በእጅህ ንቀለው» ተብሎም አልተተወም። ባለቤቱ ባይታወቅ እንኳ ጉዳቱን አገር ተሸከመው። በካሮላይናና በቆቦ መካከል ያለው ልዩነት የአረም ልዩነት አይደለም፤ ሒሳቡ ማን ትከሻ ላይ እንደወደቀ ነው።

በቆቦ የወደቀው በአብዛኛው በሴቶችና በልጆች ትከሻ ላይ ነው። ፀሐይ ሳትከር ማሳ ወርደው፣ እጃቸውን በጨርቅ ወይም በፌስታል ጠቅልለው ሲያርሙ የሚያልፈው ቀን በአገሪቱ የምርት ሒሳብ ውስጥ የትም አይገኝም። ገበሬው ፀረ አረም መድኃኒት ሲገዛ ግን ሒሳቡ ያያል። በዶላር የገባው ኬሚካል በጉምሩክ ይመዘገባል፣ ነጋዴው ያተርፋል፣ በትርፉ ልክ የአገር ውስጥ ምርት አደገ ይባላል። ጉዳቱ ሲገባ ያልተቆጠረ፣ ማስታገሻው ሲሸጥ እንደ ሀብት ተቆጠረ። ንግድ ብሔራዊ ኢኮኖሚን ጠቀመ ወይስ ጎዳ ብለን ስንከራከር በዚህ ሚዛን የምንመዝን ከሆነ፣ መልሱ ገና ሳንጠይቅ ተወስኗል።

አምቦ ላይ ተፈትሸው በወለንጪቲ አካባቢ የተለቀቁ፣ በተለይ ቅንጨ አረምን የሚበሉ ጥንዚዛዎች አሉ፤ ከመካከላቸው የአንዱ ዘር እንደ አረሙ ሁሉ ከሜክሲኮ ነው። ሥራው የተሠራው በአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት ድጋፍ ጭምር ነበር። ይህ ዕዳ መክፈል ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን የተሰጠው በፕሮጀክት፣ በልገሳ መልክ ነው፤ ልገሳ ደግሞ ሰጪው ሲያሻው ይቆማል። ድርጅቱ ራሱ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ተዘግቷል። ዕዳ ብዬ መጥራትን የመረጥሁት ለዚህ ነው፤ የቆቦ ሰው በስጦታ ላይ መብት የለውም፣ በዕዳ ላይ ግን አለው።

ግን ማንን ይክሰስ? ያን ዘር የጫነውን መርከብ ማንም ለይቶ አያውቅም። የቆቦም ሰው ቢሆን ንጹሕ ባለማሳ ብቻ አይደለም። ሽንኩርት ጭኖ ከቆቦ የሚነሳ አይሱዙ በጎማው ጭቃ ያንኑ ዘር ወልድያንና ደሴን አሳልፎ ይወስዳል፤ እዚያ ላለው ገበሬ ባለበሬው ቆቦ ነው። ከብዙ በረት የወጣ መንጋ ማሳ ውስጥ ገብቶ የማን በሬ እንደበላ ካልተለየ፣ ካሳው ለባለመንጋው ሁሉ መከፋፈል አለበት። በንግድ ቋንቋ ይህ ማለት፣ ድንበር በሚሻገር በእያንዳንዱ ኩንታል እህልና ዘር ላይ፣ በእርዳታም ይምጣ በግዥ፣ ላኪውም ተቀባዩም የሚያዋጡት አነስተኛ ክፍያ ማለት ነው። ገንዘቡ በወደብ እህል ለሚፈትሹ ባለሙያዎች፣ እንደ ሲሪንቃ ላሉ የምርምር ማዕከላትና ማሳቸው ለተወረረባቸው ወረዳዎች ይውላል። እህሉን በሳንቲም ደረጃ ያስወድደዋል፤ ያ ሳንቲም ዛሬም እየተከፈለ ነው፣ የሚከፍሉት ግን ማሳ ውስጥ ጎንበስ ያሉት ብቻ ናቸው።