ሻጭ እጁን ያላነሳበት ንብረት

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ያቀረበችው ጥያቄ ነው። ባለፈው ረመዷን በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያ ግዛት አሌክሳንድርያ በምትባለው ከተማ፣ በአጎቴ ልጅ ቤት እንግዳ ሆኜ ሰንብቼ ነበር። የአጎቴ ልጅ በመኪናው ሰው እያመላለሰ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሲሆን መኪናውም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። አንድ ሌሊት ለሰሑር ተነስተን ማዕድ ዙሪያ እንደተቀመጥን ስልኩ ድምፅ አሰማ። አየት አደረገውና ፊቱ በራ። «መጣልኝ!» አለ። አገር ቤት ካለች እናቱ ደብዳቤ የደረሰው ይመስል ነበር።

የመጣለት «አፕዴት» የሚሉት ነገር ነው፤ እኛ ማሻሻያ እንበለው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጠብቀው ቆይቷል። እንደርሱ ያለ መኪና ያለው አንድ ወዳጁ ቀድሞ ስለደረሰው፣ ከተራዊሕ በኋላ በመስጊዱ የመኪና ማቆሚያ ቆመው «አንተ ጋ ደረሰ? እኔ ጋ ገና ነው» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። በእርግጥ ለመናገር በድምፁ ውስጥ ትንሽ ቅናት ነበረበት።

ልጁ ከሾርባዋ ቀና ብላ «ባባ፣ መኪናው የኛ ነው ወይስ የነሱ?» ስትል ጠየቀችው።

«የኛ ነው እንጂ! ስንት ዓመት የከፈልኩበት።»

«ታዲያ ለምን እነሱ ይለውጡታል?»

«ሳይጠይቁ አይለውጡም። ይኸው፣ እሺ በል እያለኝ ነው።»

«ምን እንደሚለውጡ አንብበኸዋል?»

አባትየው መልስ አልሰጣትም፤ ቁልፉን ተጫነው። ሱብሂ ሰግደን ስንመለስ መኪናው ተለውጦ ቆየን።

ለማያውቁት አንባቢያን ጉዳዩን ባጭሩ ላስረዳ። የዛሬ የኤሌክትሪክ መኪና ብረትና ጎማ ብቻ አይደለም። ባትሪው ምን ያህል ኃይል እንደሚቀበል፣ ፍሬኑ እንዴት እንደሚይዝ፣ ሞተሩ እስከ ምን ድረስ እንዲፈጥን እንደሚፈቀድለት የሚወስነው በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ነው። አምራቹ ኩባንያ ይህን ሶፍትዌር እያሻሻለ በኢንተርኔት ይልካል። መኪናው በቆመበት ይቀበላል፤ ባለቤቱ ሲፈቅድ ለተወሰነ ጊዜ ሳይነዳ ይቆይና ሌላ ጠባይ ይዞ ይነሳል። ቴስላ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሞዴል ኤስ የተሰኘውን መኪና ለገበያ ካቀረበበት ከ2012 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ጀምሮ ይህን ልማድ አደረገው፤ ሌሎችም ተከተሉት። ማሻሻያው ለሁሉም ባንድ ጊዜ አይላክም። ችግር ካለው በጥቂቶቹ ላይ እንዲታይ በየተራ ይለቀቃል። የአጎቴን ልጅ ያስጠበቀውም ይኸው ነው።

ከዚህ የሚገኘውን ጥቅም መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። በ2018 በአሜሪካ የሸማቾችን መብት የሚያስጠብቀው «ኮንሱመር ሪፖርትስ» የተባለ ድርጅት የቴስላን ሞዴል 3 ፈትኖ፣ በሰዓት 60 ማይል ሲከንፍ ፍሬን ቢያዝ ለመቆም 152 ጫማ እንደሚፈጅበትና ይህም ረጅም እንደሆነ ገለጸ። ኩባንያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሻሻያ ላከ፤ መኪናው በድጋሚ ሲፈተን በ133 ጫማ ቆመ። አስቡት! አንድም ብሎን ሳይፈታ፣ ማንም ጋራዥ ሳይሄድ፣ 19 ጫማ ወይም ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ርቀት ተቀነሰ። መንገድ ለሚያቋርጥ ሕፃን 6 ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ወላጅ ሁሉ ያውቃል።

ይሁን እንጂ የልጅቱ ጥያቄ በዚህ አይመለስም። እስቲ ከመርካቶ ሬድዮ ገዝታችሁ ቤታችሁ አስቀመጣችሁ እንበል። ሌሊት ተኝታችሁ ሳለ ነጋዴው በመስኮት ገብቶ ድምፁን አሳምሮላችሁ ቢሄድ ታመሰግኑታላችሁን? ምናልባት ታመሰግኑት ይሆናል። ግን ያን ሌሊት መስኮቱን ሳትዘጉ ትተኛላችሁ? ሊያሳምር የሚገባ እጅ ሊያበላሽም ይችላልና።

በሸሪዓችን የሽያጭ ሕግ ገዢው ዕቃውን ከተረከበ በኋላ ሻጩ በዚያ ዕቃ ላይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚያዝበት ሥልጣን የለውም። መረከብን ዐረብኛው «ቀብድ» ይለዋል፤ እኛ አገር ቃሉ ለቅድሚያ ክፍያ መዋሉ እየገረመኝ ይኖራል። ከርክክብ በፊት የነበረ የተደበቀ ጉድለት ቢገኝ ገዢው ዕቃውን የመመለስ ምርጫ አለው። ከርክክብ በኋላ በገዢው እጅ የደረሰ ጉድለት ግን የራሱ የገዢው ነው። ሊቃውንቱ ይህን ድንበር ሲያበጁ፣ አንድ ግመል ተሽጦ ባለቤቱ ቤት ከታሰረ በኋላ የቀድሞ ጌታው ከሌላ አገር ሆኖ እግሩን ሊያፈጥን ወይም ሊያዘገይ ይችላል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። የዛሬው መኪና ይኸው ግመል ነው። ርክክቡ ተጀመረ እንጂ አላለቀም። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ፈትዋውን ለባለ እውቀቶቹ እተዋለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ለኅሊናዬ ግልጽ ነው፦ የሻጩ እጅ ከዕቃው ላይ እስካልተነሳ ድረስ አማናውም ከትከሻው ላይ አልወረደም።

ይህን በሁለት እውነተኛ ታሪኮች እንመልከተው። በመስከረም 2017 «ኢርማ» የተባለው ማዕበል የፍሎሪዳን ግዛት ሲመታ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ሸሸ። በዚያ ጊዜ ከሸሹት መካከል የአንዳንድ ቴስላ መኪናዎች ባለቤቶች መኪናቸው ባንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት በድንገት ተጨምሮ አገኙት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ መኪናዎቹ ሲሸጡ በውስጣቸው የተገጠመው ባትሪ 75 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሲሆን ዋጋቸው እንዲቀንስ በሶፍትዌር ወደ 60 ተገድቦ ነበር። ኩባንያው በማዕበሉ ሰሞን ገደቡን ለጊዜው አነሳው፤ አደጋው ሲያልፍ መለሰው። በጊዜው ብዙ ሰው ተቆጣ፤ «ኃይሉ ከመጀመሪያውም በመኪናዬ ውስጥ ተቆልፎ ነበርን?» አለ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ተቆጥቼ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ቁጣዬ በረደ። ገዢዎቹ 60 ተብሎ ተነግሯቸው የ60ውን ዋጋ ከፈሉ፤ ከፈለጉም ጨምረው ከፍለው ማስከፈት እንደሚችሉ ያውቁ ነበር። ውሉ ፊት ለፊት ነበር። ባትሪን ያህል ከባድ ነገር ተሸክሞ መዞርና አለመጠቀም ለዓይን ባይጥምም፣ በደል ነው ለማለት ያስቸግረኛል።

ሁለተኛው ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ2019 የጸደይ ወራት በሻንጋይና በሆንግ ኮንግ የቆሙ የቴስላ መኪናዎች በእሳት ከተያያዙ በኋላ ኩባንያው ለጥንቃቄ ሲል የባትሪውን አሞላል የሚለውጥ ማሻሻያ ላከ። ከዚያ በኋላ አንዳንድ የቀድሞ ሞዴል ኤስ ባለቤቶች ማሻሻያውን ተቀብለው በማግስቱ ሲነሱ፣ መኪናቸው ባንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት አጥሮ አገኙት። «ይህን ያህል ይቀንስብሃል» ብሎ የነገራቸው አልነበረም። ወደ ቀድሞው ልመለስ ቢሉም መመለሻ ቁልፍ የለም። ጉዳዩ ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2021 ኩባንያው ለ1,743 መኪናዎች ባለቤቶች በጠቅላላ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ለእያንዳንዳቸው 625 ዶላር ደረሳቸው። የተቀነሰውም በኋላ በመጡ ማሻሻያዎች ቀስ በቀስ እንዲመለስ ተደረገ።

ኩባንያው ባትሪውን ለመጠበቅ ብሎ አድርጎት ሊሆን ይችላል፤ ኒያውን አላህ ያውቃል። ጥፋቱ ግን መቀነሱ ሳይሆን ዝምታው ላይ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ሥሩ እርጥብ ሆኖ ማግኘታቸውን፣ ነጋዴው ዝናብ አግኝቶት ነው ሲላቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ባለማድረጉ እንደወቀሱት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ልብ በሉ! እርጥብ እህል አትሽጥ አላሉትም። ዝናቡም የነጋዴው ጥፋት አልነበረም። የተጠየቀው እርጥቡን ከላይ እንዲያደርገው ብቻ ነው። የፍሎሪዳው ገደብ ከክምሩ አናት ላይ የሚታይ እርጥበት ነበር። የ2019ኙ ቅነሳ ግን ከሥር የተቀበረ ነው።

ታዲያ ከእያንዳንዱ ማሻሻያ ጋር የሚመጣውን ማስታወሻ ስታዩት ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት አዳዲስ ነገሮችን በሥዕል አስውቦ ያቀርብና ከታች «ጥቃቅን ማሻሻያዎችና እርማቶች» ይላል። አንዳንዴ ሙሉው ማስታወሻ ይህችው መስመር ብቻ ናት። የክምሩ ሥር እንግዲህ ይህ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ባለቤቱ ሁሉን የመከልከል መብት ይኑረው?» የሚል ቢኖር፣ አይደለም እላለሁ። በ2022 መጀመሪያ ቴስላ ራሱን በራሱ እንዲነዳ እየተሞከረ የነበረውን ሶፍትዌር ከያዙ 53,822 መኪናዎች አንድ ጠባይ እንዲያነሳ ተገደደ። መኪናዎቹ መስቀለኛ መንገድ ላይ «ቁም» የሚል ምልክት ሲያዩ ሰውና መኪና ከሌለ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ቀስ ብለው እንዲያልፉ ተደርገው ነበር። ይህ ስሕተት እንዳይመስላችሁ፤ ሰዎች ሲያደርጉት ታይቶ ሆን ተብሎ የተሰጣቸው ጠባይ ነው። (ሕግ መጣስን ከሰው ተምሮ የሚያስተምር ማሽን! ኃጢአቱ የማን ይሁን? ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።) በታኅሣሥ 2023 ደግሞ አሽከርካሪው ከመንገዱ ዓይኑን እንዳያነሳ የሚያደርገው ቁጥጥር በቂ ስላልነበረ ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪናዎች እንዲታረሙ ሆነ። ሁለቱም እርማቶች የተላኩት በአየር ነው። እንዲህ ያለውን እርማት «መኪናዬ ነው፤ አልፈልግም» ማለት አይቻልም፤ የጎረቤት ነፍስ አለበትና። ንብረቴ ሌላውን እስከጎዳ ድረስ የኔ ብቻ አይደለም። ከባለቤቱ ላይ የሚቀንስ ማሻሻያ ግን፣ ምክንያቱ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ተነግሮ፣ ተጠይቆ፣ የቀነሰውም ተክሶ መሆን አለበት። ስፍርና ሚዛን የሚያጎድሉ ነጋዴዎችን የሚወቅስ ራሱን የቻለ ሱራ ያለው ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የቀረው የገዢው ድርሻ ነው። ንግድ በሁለቱም ወገን መፈቃቀድ የሚጸና ከሆነ፣ ሳያነቡ «እሺ» ማለት መፈቃቀድ ነውን? በቁርኣን ውስጥ ከሁሉ ረጅም የሆነው አንቀጽ የዕዳ ውል እንዴት እንደሚጻፍና እንደሚመሰከር የሚያስተምር ነው። የዚህ መጽሐፍ ባለቤቶች ውላችንን ሳናነብ ስንፈርም አላፍርም ማለት አልችልም። የአጎቴን ልጅ አልወቅሰውም፤ እኔም የስልኬን ሁሉ ሳላነብ ነው የተቀበልኩት። ጥበቃው ራሱ ሰውን ያላላዋል መሰለኝ። ሦስት ሳምንት ስጦታ ሲጠብቅ የቆየ ሰው፣ ስጦታው በር ላይ ሲደርስ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይጠይቅ ይቀበላል።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ጉዳዩ በሌላ መልኩ ጠበቀኝ። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የከተማችን መንገዶች በኤሌክትሪክ መኪናዎች እየተሞሉ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በቻይና ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ በየመንገዱ የምናየው ቮልስዋገን አይዲ 6 ለምሳሌ ለዚያ ገበያ ብቻ የተሠራ መኪና ነው። ጎረቤቴ እንዲህ ያለ መኪና ገዝተዋል። አንድ ቀን ጧት ጠሩኝና መስታወቱ ላይ የወጣውን ጽሑፍ አሳዩኝ፤ ከዳር እስከ ዳር ቻይንኛ ነው። ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ። «ጋራዥ ያለው ልጅ አትንኩት ብሎኛል፤ ከነካሁት እርሱ የለወጠልኝ ቋንቋ ሁሉ ይጠፋል አለ። ግን የትኛው ነው ‹ይቆይ› የሚለው?» አሉኝ። ልጃቸው በስልኩ ፎቶ እያነሳ ለማስተርጎም ይሞክር ነበር።

የአጎቴ ልጅ ማንበብ እየቻለ አላነበበም። ጎረቤቴ ማንበብ እየፈለጉ አልቻሉም። አንደኛው ላይ የሻጩ እጅ ከልክ በላይ ቀርቧል። ሌላው ዘንድ ግን ሻጩ መኪናው አዲስ አበባ ስለመኖሩ እንኳ የሚያውቅ አይመስልም፤ የተላከው ማሻሻያ የፍሬን እርማት ይሁን የዘፈን ማጫወቻ የሚነግራቸው የለም። አስመጪ ነጋዴዎቻችን፣ በተለይ ሙስሊም ነጋዴዎች፣ መኪናውን ሲያስረክቡ ይህን ጉዳይ ለገዢው በግልጽ ቢነግሩት ምን ይከፋል? ክምሩ የነሱም ነው።

በቅርቡ የአጎቴ ልጅ ደውሎልኝ ነበር። ሌላ ማሻሻያ መጥቶለታል። በቤቱም አዲስ ሥርዓት ገብቷል፤ ልጅቱ ማስታወሻውን ጮክ ብላ ካላነበበች ቁልፉ አይነካም። በዚያ ምሽት ያነበበችው አራት መስመር ሲሆን የመጨረሻው «ጥቃቅን ማሻሻያዎችና እርማቶች» የሚል ነው። «ጥቃቅኖቹ ምንድን ናቸው?» ብላ ጠየቀችው። አላውቅም አላት። ያን ሌሊት አልተጫነውም። በሦስተኛው ቀን ተጫነው።