ዳውላውን ከመምታትህ በፊት

ልጄ፣ የፒክአፕህ የፊት መብራት ብልጭ ድርግም እያለ አስቸግሮህ ባትሪም አምፖልም ልትገዛ ገንዘብ ቋጥረሃል አሉ። ገንዘቡን ኪስህ መልስ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። አምፖል የደረሰውን ያህል ያበራል እንጂ ከየት እንደጎደለበት አይነግርህም፤ መጠየቅ ያለብህ አንተ ነህ።

ማታ ግድግዳ ፊት አቁመው። ሞተሩ በሚኒሞ ይሥራ፣ መብራቱን አብራና እጅህን ሰብስበህ እይ። የሚርገበገበው አንዱ ብቻ ከሆነ በሽታው በዚያው ጎን ነው፤ አምፖሉ፣ ሶኬቱ ወይም ወደዚያ የሚሄደው ሽቦ። ሁለቱም እኩል ከሆኑ የሚጋሩትን ፈልግ። የጣራውና የዳሽቦርዱ መብራትም አብሮ ከደበዘዘ ነገሩ የፊት መብራት ጣጣ አይደለም፤ ባትሪ፣ ዲናሞ ወይም ማሳ፣ ማለትም ኃይሉ ወደ ባትሪ የሚመለስበት መንገድ፣ ነው። ነዳጅ ስትሰጠው የሚፈካ ከሆነ ዲናሞው በሚኒሞ ላይ አልበቃውም ማለት ነው፤ ቺንጋው ላልቶም ሊሆን ይችላል። ኮረኮንች ላይ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የሆነ ቦታ የላላ አለ። ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድ ብር አታወጣም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩ ባትሪው ራስ ላይ ነው። ማሰሪያዎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከበቀለ፣ ወይም በእጅህ ስታዞራቸው ከዞሩ፣ ሌላ አትፈልግ። ሞተሩን አጥፍተህ ኔጌቲቩን አስቀድመህ ፍታ፤ ስትመልስ ደግሞ የመጨረሻው እሱ ይሁን። ኔጌቲቩ ሳይፈታ ፖዘቲቩን ስትፈታ ቺያቤህ ቦዲውን ቢነካ እሳት ይረጫልና። ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጠህ አጥበው፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትገው፣ አድርቀህ አጥብቀህ እሰር።

ቀጥሎ ማሳው። ሰው ሁሉ ፖዘቲቩን ያሳድዳል፤ ኃይሉ ግን ሄዶ መመለስም አለበት። ከባትሪው ወደ ሞተርና ወደ ቦዲ የሚሄዱትን ወፍራም ገመዶች ተከተል። ብሎናቸው ሥር ዝገት፣ ቀለም ወይም ጭቃ ካለ ፍታና ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ የተበላ ገመድ ስላለ በዓይንህ ብቻ አትፍረድ። ቴስተር ተዋስ። ሞተሩ እየሠራ መብራቱን አብርተህ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አሳርፍ፤ ቦዲው ላይም እንዲሁ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየህ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ኃይል እየበላ ነው።

ቴስተሩ እጅህ ላይ እያለ ባትሪውንም ለካው። የሞላ ባትሪ ሞተር ጠፍቶ፣ አርፎ 12.6 ቮልት ገደማ ነው። ሞተሩ ሲሠራ እንዳንተ ባለ አሮጌ መኪና ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ሊሆን ይገባል። ከዚያ ካነሰ፣ ወይም ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ከዘለለ፣ የዲናሞውን ካርቦንና ሬጉሌተር አስፈትሽ። ካርቦን ብቻ አልቆ ሙሉ ዲናሞ የሚገዛ ሰው ሞልቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልቆጣህ። ጋራዥ ውስጥ «ዲናሞውን ልሞክርልህ» ብሎ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ የሚነቅል አለ። እጁን ያዝ! ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ በድንገት ይዘልና የዲናሞውን ዳዮድና ሬጉሌተር ሊያቃጥል ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፤ ደህናውን ዲናሞ ገድሎ «ይኸው ሞቷል» ይልሃል።

ሁሉም ደህና ሆኖ መብራቱ ብቻ ከሆነ የሚያብደው ወደ ማብሪያው ና። በብዙዎቹ የድሮ ቶዮታ ፒክአፖች ፖዘቲቩ አምፖሉ ዘንድ ይደርሳል፤ ረጅምና አጭር የሚመረጠው ግን በማሳው በኩል፣ መሪው ላይ ባለው ማብሪያ ነው። ይህን የማያውቅ ኤሌክትሪሻን አምፖሉ ላይ አዲስ ማሳ ሲስብ መብራቱን ያዘበራርቅልሃል። አብርተህ ማብሪያውን ቀስ ብለህ ነካካው፤ ብልጭ ካለ በውስጡ የተቃጠለ መገናኛ አለ። ሪሌዩንም በጣትህ መታ መታ አድርገው። ፊውዙን ነቅለህ እግሮቹን እይ፤ ከጠቆሩ መቀመጫው ልል ነው።

ሶኬቱ የቀለጠ ከሆነ አምፖሉ ስንት ዋት እንደሆነ አንብብ። ባለ 55 ዋት ሁለት አጭር መብራት 9 አምፔር ገደማ ይጎትታል። ደምቆ ይታይ ተብሎ ባለ 100 ዋት ከገባበት ወደ 17 ይጠጋል፤ ለዚያ ያልተሠራው ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ሶኬቱ ይለሰልሳል፣ መርገብገቡም ከዚያ ይመጣል። ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስንማ አልነግርህም፤ መኪናው ቢቃጠል ማን ይመልስልሃል? ሳይቃጠል በቅጠል።

የቀድሞው ባለቤት በፕላስተር የጠቀለለውን ሽቦ ሁሉ ፈልገህ ፍታው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የተላጠው ላይ ውሃ ይገባል፣ መዳቡ ይሻግታል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ቆርጠህ ጤነኛው ጋር ስትደርስ በይደው።

ይህን ሳትጨርስ ማታ አትንዳ። ከደብረ ማርቆስ ጭነህ ስትመጣ ደጀን ላይ ከመሸብህ እዚያው እደር፤ ዓባይ በረሃን በሚርገበገብ መብራት አትውረድ። ኩርባው ላይ ከታች የሚወጣው ከባድ መኪና አንተን ማየት አለበት። ሲነጋ ደውልልኝ፣ ቴስተሩ ያሳየህን ቁጥሮች በወረቀት ይዘህ፤ «ትንሽ ቀንሷል» ብትለኝ አልሰማህም።